የእናቱ ግማሽ

እኛ አቫሮች ባሏ የሞተባትን ሴት «ግማሽ» እንላታለን። ስድብ አይደለም። ሰውዬው ሲቀበር የአንድ ወይፈን ጭንቅላት መሐል ለመሐል በመጋዝ ይከፈልና ቀኙ ከነቀንዱ ከሟቹ ጋር ይወርዳል፤ ግራው ለሚስቱ ይቀራል። እሷም ቀኗ ሲደርስ የራሷን ይዛ ትከተለዋለች። እዚያ ማዶ የሰው ብዛት መከራ ነው፣ መልክም ይረሳል፤ ሁለቱ ግማሾች ከገጠሙ ግን ባልና ሚስት አይተላለፉም። ፍራንኮች ከምዕራብ መጥተው ንጉሣችንን ካጋኑን ሰብረው፣ ቄስ ልከው፣ ወንዝ ውስጥ እየነከሩ ስም ከቀየሩልን ወዲህ ይህን ጉዳይ ጮክ ብሎ የሚያወራ የለም። ማውራቱ ቀረ እንጂ ማድረጉ አልቀረም።

ሳሙር ይህን ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ስለዚህ እናቱ ኢልጌን በጸደዩ መጀመሪያ ላይ የገንፎውን ሳህን በእጇ ገፋ አድርጋ «ግማሼን አምጣልኝ» ስትለው ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባው።

«ምነው እማዬ፣ ገና ነሽ እኮ» አላት።

«ገና ነኝ? ጥርሴ አልቋል፣ ዓይኔን ሞራ ሸፍኖታል፣ እግሬ ከወገቤ ጋር ተጣልቷል። ምኔ ነው ገና?»

«ትንሽ ይሙቅና ሐይቁ ዳር አወጣሻለሁ።»

«ሐይቁን ተወው። አይጥ እንዳያገኘው ጎተራ ውስጥ ሰቀልኩት ብለኸኝ አልነበር? አውርደህ አምጣው። ጭኔ ላይ አድርጌው ልቀመጥ።»

ጎተራው ውስጥ የተሰቀለ ነገር አልነበረም። ግማሹን ሳሙር ራሱ አቃጥሎታል።

ነገሩ የሆነው ያለፈው መኸር ነው። የመንደሩ ሹም ሞቶ ቦታው ክፍት ነበር። ፍራንኮቹ የሚፈልጉት ጴጥሮስ ተብሎ ሲጠራ አቤት የሚል ሰው ነው፤ ሳሙር ደግሞ በዚህ ስም ከተጠመቀ ጀምሮ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ይላል። ቄሱ አባ ኤርምበርት ቤቱን ሊባርኩ እንደሚመጡ የተነገረው በዚያው ሰሞን ነበር። የእናቱ ግማሽ ደግሞ በራቸው አናት ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀንድ ተሰቅሎ ሹመት የለም። ሸምበቆው ውስጥ ቢደብቀው ማን ያገኘው ነበር? ማንም። ግን ሰውዬው ፈርቶ ነበርና መደበቅ አልበቃውም። ያንን በጭስ የጠቆረ አጥንት አውርዶ የጭቃ ምድጃው ውስጥ ከተተና እሳት ለቀቀበት። ሚስቱ ቦያና ከውጭ ገብታ አፍንጫዋን ይዛ «ምን ጉድ ነው የምታነደው?» ስትለው «የድሮ ጫማ ነው» አላት። ቄሱ መጡ፣ ባረኩ፣ በሉ፣ ሄዱ። ሹመቱም መጣ። እናቱ ስለማታይ በር አናት ላይ ምን እንዳለና ምን እንደጎደለ የምታውቀው እሱ ሲነግራት ብቻ ነው። የነገራትም የአይጡን ተረት ነው።

አሁን ከእናቱ አልጋ ተነስቶ በቀጥታ ወደ በረቱ ሄደ። ቦያና ላሟን እያለበች ነበር።

«ወይፈኑን ላርደው ነው» አላት።

«የትኛውን ወይፈን?»

«ስንት አለን?»

«አብደሃል! ለሚመጣው ዓመት ቀንበሩን እኔ ላይ ልትጭነው ነው?»

«እናቴ እየሞተች ነው።»

«እናትህ በየጸደዩ ነው የምትሞተው» አለችና ፊቱን ስታየው ሳቋን ዋጠችው።

«ያኔ የድሮ ጫማ ነው ያልኩሽ...»

«አውቄአለሁ። ጫማ ቀንድ ቀንድ አይሸትም።» ወተቱን ወደ ጎን አስቀመጠች። ቦያና ከስላቮቹ መንደር የመጣች ናት። «እኛ ቤት ሰው ሲሞት ይቃጠላል፣ ያበቃል። እናንተ ከሙታናችሁ ጋር ያላችሁ ጣጣ መቼም አያልቅም። ና፣ እግሩን ልያዝልህ።»

ወይፈኑን አረዱት። ሳሙር ጭንቅላቱን ቀቀለና ሥጋውን ፋቀው፤ መሐል ለመሐል በመጋዝ ከፈለውና አዲስ መሆኑ እንዳይታወቅ በእርጥብ ሸምበቆ ጭስ አጠነው። ቀንዱ የድሮውን ያህል ነው፣ ቀለሙም ደህና ጠቆረ። ያመዛዘነው ሁሉ ልክ ነበር፤ የተሳሳተው ያላመዛዘነውን ነው።

እኛ ግራና ቀኝ የምንለው ከእንስሳው ጀርባ ላይ ተቀምጠን ነው። አባቶቻችን በኮርቻ ላይ አደጉ፣ በኮርቻ ላይ አረጁ፤ ለበሬም ለበግም ለቤትም ጎን የሚሰጡት እንደ ጋላቢ ነው። ሳሙር ግን ፍራንኮቹ ፈረሱን ከወሰዱበት ወዲህ ኮርቻ ነክቶ አያውቅም። በሬዎቹን ከፊት ሆኖ በገመድ ይጎትታል፤ ቤተ ክርስቲያን ገብቶም ከቄሱ ጋር ፊት ለፊት ይቆማል። ጭንቅላቱን ከፊቱ አስቀምጦ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ በራሱ ግራ እጅ በኩል ያለውን ክፋይ «የእናቴ» ብሎ አነሳ። ሌላውን በረት ውስጥ ጣለው።

ኢልጌን ግማሹን በሁለት እጇ ተቀበለችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ፊቷ በራ። በቅርብ ጊዜ እንዲህ ስትሆን አላያትም ነበር።

«ጭሱ ደህና ይዞታል» አለች። «አይጡም አልነካው። እኔማ እንዳንተ ያለ ዝርክርክ ሰው ጠብቆ ያቆይልኛል አላልኩም።»

ጣቶቿ ቀንዱን ዳሰሱ፣ ወደ ዓይኑ ጉድጓድ ወረዱ፣ የጥርሱን ረድፍ ቆጠሩ። ከዚያ ተመልሰው እንደገና ቀንዱን ያዙ። አጥንቱን አዙራ ደረቷ ላይ አስጠጋችው፤ እንደገና አዞረችው። ሳሙር ምን እየሆነ እንዳለ አልገባውም።

«ይህ የአባትህ ጎን ነው» አለች።

«እንዴት... ግራው እኮ ነው።»

«ለማን ግራው? ተቀምጠህበት ነው ወይስ ተጋፍጠኸው?»

መዋሸት ይችል ነበር፤ አፉንም ከፍቶ ነበር። ግን ያ በሞራ የተሸፈነ ዓይን እንደሚያይ ሰው ፊቱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበርና ውሸቱን ተወው።

«አቃጠልኩት እማዬ» አለ።

«መቼ?»

«ቄሱ እኛ ቤት የበሉ ቀን።»

ኢልጌን እየቆጠረች፣ እያስታወሰች እንደሆነ ከከንፈሯ ያስታውቃል። «ምድጃው ውስጥ ነው?»

«አዎ።»

«ዳቦው የተጋገረበት?»

ሳሙር የአልጋውን እግር ያዘ።

«ያን ቀን ዳቦው ጥሩ ነው ብዬህ ነበር» አለች። «ሁለተኛም ጨምርልኝ ብዬሃለሁ።»

አልረገመችውም። ብትረግመው፣ ምራቋን ብትተፋበት፣ ያንን አጥንት ብትወረውርበት ምንኛ በወደደ! እሷ ግን ግማሹን በቀስታ ከጭኗ አውርዳ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳሙር አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ የመንደር ሹም ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ከእናቱ አልጋ እግር ስር ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ ውሃ ካልሆነ በአፏ የሚገባ ነገር አልነበረም። የሚያነጋግራት ወንድሟ ቡይላ ብቻ ነው። ቡይላ በኮረብታው ላይ ባለው የድሮ መካነ መቃብር ጉድጓድ የሚቆፍር ሽማግሌ ነው፤ ቀልዱ ሙታንን ሳይቀር ያስቃል ይባላል። እህቱ ዘንድ ተቀምጦ ሲወጣ ግን ቀልድ የሚባል ነገር ፊቱ ላይ አልነበረም። ሳሙርን በክንዱ ይዞ ከቤቱ ጀርባ ወሰደው።

«ሹም ሆይ» አለው፣ «ጎበዝ ነህ። ፍራንኮቹ እንኳ ባልና ሚስት መለያየት የቻሉት በቁማቸው ነው። አንተ ከሞቱ በኋላ ለያየሃቸው።»

«አጎቴ፣ ግደለኝና ልረፍ።»

«ብገድልህ ማን ይቆፍራል? ወገቤ እንደሆነ አልቋል። የወይፈኑ ሌላ ክፋይ አለ?»

«በረት ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ስማኝ። የአባትህን የአፕሲክን መቃብር እንከፍታለን። የድሮውን አውጥተን የአዲሱን ቀኝ ለአባትህ እንሰጠዋለን፣ ግራውን ለእናትህ። ሁለቱ ከአንድ ወይፈን ከሆኑ ይገጥማሉ።»

ሳሙር ደነገጠ። መቃብር የሚከፍት ሌባ ነው፤ ለቀበቶ ጌጥ ሲል ሙት የሚገፍፍ። «የአባቴን?»

«ሌባ ሊወስድ ይከፍታል። እኛ ልንሰጥ ነው። እሑድ ሕዝቡ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እንሄዳለን። እሷ ግን እንዳትሰማ። ወደ መቃብሩ እንደሄድን ካወቀች ነፍሷ ቀድማን ትደርስና ባዶ እጇን ደጅ ትቆማለች።»

እሑድ ጠዋት ደወሉ ሲደወል ሳሙር በእናቱ አልጋ አጠገብ ትንሽ ቆመ። የተኛች ትመስል ነበር። ቦያናን በጆሮዋ «ከጠየቀችሽ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል በያት» አላትና ሁለቱን ግማሾች በከረጢት ይዞ ወጣ።

ኮረብታው ላይ ጭጋግ ነበር። ቡይላ ከመቃብሩ ራስጌ ተቀምጦ «እዚህ ጋ፣ አይ ወደ ግራ፣ እንደ ጋላቢ ግራ!» እያለ ያዘዋል፤ ሳሙር ይቆፍራል። አፈሩ ከላይ ጠንካራ፣ ከታች እርጥብ ነው። መጀመሪያ ለስንቁ የተቀበረለት የገንፎ ማሰሮ ወጣ፤ ከዚያ የበጉ የእግር አጥንት፤ ከዚያ የቀበቶው ናስ፣ አረንጓዴ ሆኖ። ሳሙር አካፋውን ጥሎ በእጁ ይጠርግ ጀመር። አባቱ ሲሞት ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር፤ በልቡ የያዘው አባት በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ግዙፍ ሰው ነው። እዚህ የተጋደመው ግን ከሳሙር ራሱ ያጥራል። «ትንሽ ሰው ነበር እንዴ?» አለ።

«ትንሽ ነበር» አለ ቡይላ። «ድምፁ ነበር ትልቅ።»

የድሮው ግማሽ ከግራ ክንዱ ስር ነበር። ክንዱ እንዳቀፈው ቀርቷል። ሳሙር ሊያነሳው ሲሞክር ቀንዱ በእጁ ላይ ዱቄት ሆነና አፈሩ ውስጥ ጠፋ። ያንን የቀረውን ስባሪ በጨርቅ ሰብስቦ አዲሱን ቀኝ እዚያው ቦታ አስገባለት። ክንዱንም እንደነበረው አስተካከለለት።

«አሁን አንድ ነገር ቀርቷል» አለ ቡይላ። «አባትህ ይህን ሁሉ ዘመን ያቀፈው ሌላ ነበር። ሳይነገረው ቢነቃ ይህ የኔ አይደለም ብሎ ይወረውረዋል። እሷን ስናወርድ፣ አፈር ከመግባቱ በፊት፣ እንደ ወጉ ሚስትህ መጣች ብለህ በስሙ ስትጠራው ትነግረዋለህ።»

«አንተ ብትጠራውስ?»

«በሕይወቱም ሰምቶኝ አያውቅ። ደግሞ ከወለደው ልጅ በቀር የማንም ድምፅ አይደርሰውም። ጮክ ብለህ ጥራው፤ ሙት ሹክሹክታ አይሰማም።»

አፈሩን መልሰው ሣሩን አለበሱት። ሳሙር ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደ። ደስ ብሎት ነበር፤ ካቃጠለበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎት ነበር። ተስተካክሏል እማዬ፣ የአንቺ እዚህ አለ፣ የሱም እዚያ አለ፣ ይገጥማሉ፣ ሞክሬዋለሁ ሊላት ነው።

ቦያና ደጃፉ ላይ ቆማለች። እጆቿ በሻሿ ውስጥ ናቸው።

«አሁን ነው» አለችው። «ደወሉ ሁለተኛ ሲደወል።»

በእጁ ያለውን ከረጢት የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

«ጠየቀችኝ» አለች ቦያና። «ሳሙር የት ነው አለችኝ። አንተ ያልከኝን ነገርኳት። ቤተ ክርስቲያን ነው አልኳት።»

«ምን አለች?»

«ተወው።»

«ምን አለች፣ ቦያና?»

«‹ዛሬም?› አለች። ሌላ አልተናገረችም።»

ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እጇ ገና ሙቀት ነበረው። ግራውን ግማሽ አውጥቶ ጣቶቿን ቀንዱ ላይ አኖረ፤ የዓይኑን ጉድጓድ፣ የጥርሱን ረድፍ በራሷ ጣት አስዳሰሳት። «የአንቺ ነው፤ እዪው፣ ዳስሺው» አላት። ጣቶቿ እሱ ወደ መራቸው ሄዱ እንጂ በራሳቸው አልተንቀሳቀሱም።

አባ ኤርምበርት ከሰዓት በኋላ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ቋንቋችንን ይሰማሉ፣ ሲናገሩት ግን ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት፣ ብዙውንም አንድ ያደርጉታል፤ ያን ቀን የሚስቅ ሰው አልነበረም።

«ጴጥሮስ፣ እናትህ ጥሩ ሰው ነበረ» አሉ። «በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ቦታ እሰጠዋለሁ።»

«አባቴ አጠገብ ትተኛ አባ። ሌላ አልለምንዎትም።»

«የፍራንኩ ጌታ ሰዎች እኔን ይጠይቃል። መቃብር ውስጥ ምን ገባ ይለኛል።» ቄሱ ግንባራቸውን አሹ። «ይሁን። እኔ ራሴ መጥቼ አፈር እስኪለብስ እቆማለሁ። ምንም ነገር ካልገባ፣ ምንም የድሮ ነገር ካልተደረገ፣ ቦታውን አላየሁም እላለሁ። ሹመትህም አይነካም። ቃልህን ስጠኝ።»

ሳሙር ቃሉን ሰጠ። ማታውን ቦያና ግማሹን ከአማቷ ቀሚስ ስር፣ ከጎኗ አጠገብ በመቀነት አጥብቃ አሰረችው። ማንም ቢያይ ወፍራም ልብስ ከመሆን አያልፍም።

በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ኮረብታው ላይ ወጣ። አባ ኤርምበርት ከጉድጓዱ ራስጌ ቆመው በላቲን ጸለዩ፤ ከኋላቸው ሁለት የጌታው ጋሻ ጃግሬዎች ቆመዋል። ኢልጌንን አወረዷት። ከጎኗ ያለው የአፕሲክ መቃብር ሣሩ ትንሽ ጠውልጓል፤ ያስተዋለው አልነበረም። ቄሱ አሜን ብለው መጽሐፋቸውን ዘጉና ለአካፋ ያዦቹ በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

ማንም አካፋ አላነሳም። ቡይላ ሳሙርን እያየ ነው። ቦያናም። ሽማግሎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ግን ጆሮአቸው ቆሟል። ዝም ቢል ሁሉ ነገር በሰላም ያልቃል፤ ሹመቱም ይቀራል፣ ቄሱም ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ይቀራሉ። እሷ ግን እዚያ ማዶ ግማሿን ይዛ ትንከራተታለች፤ አባቱም የሰው ዕቃ አስታቀፉኝ ብሎ ይወረውረዋል።

ሳሙር ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከ። ጋሻ ጃግሬዎቹ ተያዩ።

«አፕሲክ!» ብሎ ጮኸ። ሰው አባቱን በስሙ የሚጠራው በዚህ ቀን ብቻ ነው። «አፕሲክ፣ ሳሙር ነኝ! ግማሽህ መጥታለች፣ ተነስ! ያቀፍከው የድሮው አይደለም፤ ቀየርኩብህ፣ እንዳትጥለው! የሷን አቃጠልኩባት፤ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ እሷ ጥፋት የለባትም! አዲሱ ከአንድ ወይፈን ነው፣ ይገጥማል!»

«ጴጥሮስ» አሉ ቄሱ ቀስ ብለው። «ተው።»

አቤት አላለም። ጉልበቱ በአፈሩ ላይ ተንሸራቶ በሆዱ ተጋደመ፤ ፊቱን ወደ ጉድጓዱ፣ ወደ ተሸፈነው የእናቱ ፊት አስጠጋ። ሙት ሹክሹክታ አይሰማም ተብሏልና ያንንም መንደሩ ሁሉ እስኪሰማው ድረስ በሙሉ ድምፁ ጮኸው።

«እማዬ! ቤተ ክርስቲያን አልነበርኩም!»